ኖላዊና ንጉሥ

በታኅሣሥ ወር በቢቸናና በሞጣ አገር መኸር ተሰብስቦ መንጋው እህሉ ወደ ተነሣበት ማሳ ሲለቀቅ፥ ቤተ ክርስቲያን የነቢያትን ተስፋ በሦስት እሑድ ታስባለች። ከ7 እስከ 13 የሚውለው እሑድ ስብከት፥ ከ14 እስከ 20 የሚውለው ብርሃን፥ ከ21 እስከ 27 የሚውለው ኖላዊ ይባላል። ከዚያም የንጉሡ ልደት ይከተላል፤ ይኸውም በ29፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን በ28 ነው። እረኛው በንጉሡ ዋዜማ መቆሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኖላዊ በጥንት ዘመን የንጉሥ ስም ነበረና።

በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሞጣ ጊዮርጊስ ዳዊት የሚያጠና ተማሪ 22ኛው መዝሙር ላይ ሲደርስ ግሱ በዓይን ነውን ወይስ በአልፍ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ረዐየ በዓይን ሲጻፍ አሰማራ፥ ጠበቀ ማለት ነው፤ ርእየ በአልፍ ሲጻፍ አየ ማለት ነው። የጸሐፍት እጅ ሁለቱን ፊደላት እያለዋወጠ ጠባቂውን ተመልካች አድርጎት ይገኛል። የእኛ እረኛና የዕብራይስጡ ሮዔ የሚወጡት ከፊተኛው ሥር ነው።

ከክርስቶስ ልደት 1750 ዓመት ገደማ አስቀድሞ የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ሕጉን ባስቀረጸበት ድንጋይ ላይ ራሱን እረኛ ብሎ ጠርቷል። የእስራኤልም ነገዶች ዳዊትን ሊቀቡት ወደ ኬብሮን በመጡ ጊዜ መጠበቅን ከመግዛት አስቀድመው ጠሩለት። ነገር ግን በእስራኤል ዘንድ ይህ ስም ማዕርግ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ንጉሡ የሚከሰስበት ቃል ሆነ። ኢየሩሳሌም በ586 ቅድመ ልደት ስትፈርስ በምርኮ የነበረው ሕዝቅኤል፥ ወተቱን የጠጡትንና ጠጉሩን የለበሱትን፥ የተሰበረውን ግን ያልጠገኑትን እረኞች ከሰሰ። መንጋው ከእጃቸው እንደሚወሰድና አንድ እረኛ ከዳዊት ወገን እንደሚነሣም ተናገረ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው በመጽሐፈ ሄኖክ ያለው ራእይ ነው። ይህ መጽሐፍ ምሉእ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጀምስ ብሩስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ አደረሰ፤ የአራማይስጡም ቁርጥራጭ በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ተገኘ። በመቃብያን ዘመን፥ በ160 ቅድመ ልደት ገደማ እንደ ተጻፈ በሚነገረው ክፍል የበጎቹ ጌታ መንጋውን ለሰባ እረኞች ይሰጣል፤ የሚጠፉትንም በቍጥር ይወስናል። ሌላም ጸሐፊ ያቆምባቸዋል፤ እያንዳንዱ እረኛ ከታዘዘው በላይ ያጠፋውን በስውር ይጽፋል። በመጨረሻ መዝገቡ ይነበባል፥ እረኞቹም ወደ እሳት ይጣላሉ። ነጩ ወይፈን የሚወለደው ከዚህ ፍርድ በኋላ ነው፤ ብዙ ሊቃውንትም መሲሕ ነው ይሉታል።

ወንጌላዊው ማቴዎስ የሚክያስን ትንቢትና ለዳዊት የተነገረውን ቃል አጋጥሞ ለቤተ ልሔም ልጅ ሰጠ። ዮሐንስ በ10ኛው ምዕራፍ የጨመረው ግን ከፊተኞቹ ነገሥታት በማንኛቸውም ያልተሰማ ነው፤ እረኛው ስለ በጎቹ ይሞታል። ስለዚህም በሮም ካታኮምብና በ240 ዓመተ ምሕረት ገደማ (በአውሮፓ ቍጥር) በዱራ ኤውሮጶስ ጥምቀት ቤት የተሣለው እረኛ ዘውድ የለውም፤ በግ ተሸክሟል። በዙፋን የተቀመጠው ሥዕል የበዛው ከቆስጠንጢኖስ በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው።

በኢትዮጵያ ሁለቱ ምሳሌዎች ተለያዩ። የይሁዳ አንበሳ የሚለው ስም ዘውዱ በ1967 እስኪወርድ ድረስ በቤተ መንግሥት ኖረ፤ ኖላዊ የሚለው ለጳጳሳትና ለካህናት ቀረ። በዮሐንስ ራእይ ግን አንበሳ ተብሎ የተነገረለት ሲታይ የታረደ በግ ነው፤ መንጋውንም የሚጠብቀው ያው በግ ነው። ስሙ ወደ ካህናት ሲያልፍ የሕዝቅኤል ክስና የሄኖክ መዝገብም አብረውት አልፈዋል። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለኢጣሊያ ተገዙ ብለው አናስተምርም በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ።