ሳይተያዩ መገበያየት፦ የኢንተርኔት ጨረታ አመኔታ የሚያገኘው በምንድን ነው?

አረፋ ሲቃረብ ከመካነ ሰላም፣ ከአቀስታና ከአጅባር አካባቢ በጎች ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ይጫናሉ። በዓረብ አገራት የሚኖሩ የአካባቢው ልጆች ደግሞ ገንዘብ ልከው ለቤተሰባቸው ዑድሒያ ያስገዛሉ። ገንዘቡ በስልክ ይሄዳል፤ የበጉ ፎቶ በቴሌግራም ይመጣል። ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ መገበያየት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። በጉን በኢንተርኔት ለብዙ ገዢዎች አቅርቦ በጨረታ ለመሸጥ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። እርምጃው ግን ቀላል አይደለም። ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን የሚያጠፋ ሰው ባለበት ዘመን ማን ማንን ያምናል?

በቦረና ወይም በለጋምቦ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ይዳብሳል፣ ጥርሱን ገልጦ ያያል፣ ነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ሻጩን ካላወቀው የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ነገሩ ካጠራጠረው ዋስ ይላል። ያታለለ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ገበያ ስሙ ቀድሞት ይደርሳል። ገበያው እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ያለ ክፍያ ይሰጣል፦ ዕቃውን ማየት፣ ሰውየውን ማወቅና ያጠፋን ሰው አለመርሳት። ኢንተርኔት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ያሳጣል። በዓለም ላይ የተሳካላቸው የኢንተርኔት ጨረታዎች እነዚህን ሦስት ነገሮች በሌላ መንገድ መልሰው የሠሩት ናቸው።

ፒየር ኦሚዲያር በኋላ ኢቤይ የተባለውን ገበያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ሲከፍት መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተበላሸ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ በ14.83 ዶላር። ዕቃው የተበላሸ መሆኑ ለገዢው አስቀድሞ ተነግሮታል። በቀጣዩ ዓመት ገበያው ሻጭና ገዢ ስለ ግብይታቸው ምስክርነት የሚጽፉበትን ሥርዓት ጀመረ። ምስክርነቱ ከሻጩ ስም ጋር ተያይዞ ይቆያል፤ ማንም ያነበዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ አንድ ጥናት፣ ልምድ ያለው ሻጭ ተመሳሳይ የድሮ ፖስት ካርዶችን በነባር ስሙና በአዳዲስ ስሞች እንዲሸጥ ተደርጎ ነበር። ገዢዎች ለነባሩ ስም 8 በመቶ ያህል ጨምረው ከፍለዋል። መልካም ስም በገንዘብ የሚቆጠር ዋጋ አለው ማለት ነው።

ሥርዓቱ እንከንም ነበረው። ሻጭ ክፉ ምስክርነት ሲጻፍበት በገዢው ላይ አጸፋውን ስለሚጽፍ ብዙ ገዢ እውነቱን መናገር ፈራ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 ኢቤይ ሻጮች በገዢ ላይ ክፉ ምስክርነት እንዳይጽፉ ከለከለ። ምስጋና ብቻ የሚታይበትን የሻጭ ገጽ የምታነቡ ሁሉ ይህን ብታስታውሱ አይከፋም።

በቻይና መፍትሔው ሌላ ነበር። ታኦባኦ የተባለው ገበያ የገዢውን ገንዘብ በሦስተኛ ወገን እጅ ያስቀምጥና ገዢው ዕቃው እንደደረሰው ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቀዋል። እኛ አማና የምንለው ዓይነት ነው። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የቻይና ገጹን ዘግቶ ወጥቷል። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ እርስ በርሱ በማይተዋወቅ ሕዝብ መካከል ገንዘብን በአማና የሚይዝ መኖሩ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው እናምናለን።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ትልቁ ምሳሌ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ በዶ/ር እሌኒ ገብረመድህን መሪነት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። በመጀመሪያ ተገበያዮች በአዳራሽ ተሰብስበው እየተጣሩ ይጫረቱ ነበር፤ በኋላ ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ተዛወረ። ቡናው፣ ሰሊጡ ወይም ቦሎቄው አስቀድሞ መጋዘን ገብቶ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱም ደረሰኝ ይቀበላል። ገዢውም ገንዘቡን አስቀድሞ በባንክ ያስቀምጣል። ስለዚህ ሻጩ “ይከፍለኝ ይሆን?” ብሎ፣ ገዢውም “ዕቃው አለ ወይ?” ብሎ አይጨነቅም። ይሁን እንጂ የቡናው ምንጭ ከነማሳው እንዲታወቅላቸው የሚፈልጉ የውጭ ገዢዎች በደረጃ ብቻ ተቀላቅሎ መሸጡን ነቅፈዋል። ለበግ ደግሞ እንዲህ ያለ ደረጃ ጨርሶ አይበቃም፤ እያንዳንዱ በግ ለብቻው የሚታይ ነው።

ጨረታ በሸሪዓ አዲስ ነገር አይደለም። ሐራጅ የሚለው ቃላችን ራሱ ከዐረብኛ ጋር የሚጋራው ነው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊለምን የመጣን አንድ የአንሷር ሰው ምንጣፍና የመጠጫ ዕቃ በጨረታ ሸጠውለታል። አንዱ ሰው 1 ዲርሃም ሲሰጥ ጭማሪ ጠየቁ፤ ሌላው 2 ዲርሃም ሰጥቶ ወሰደው። ሰውየው በገንዘቡ ለቤተሰቡ ምግብና ለራሱ መጥረቢያ ገዝቶ እንጨት ቆርጦ ወደ መሸጥ ገባ። አብዛኞቹ ዑለማእ ጨረታን የፈቀዱ ሲሆን የተከለከለው ነጅሽ ነው፤ ማለትም መግዛት የማይፈልግ ሰው ሌላውን ለማስወደድ ዋጋ መጨመሩ። በኢንተርኔት ይህ ከገበያ ይልቅ ይቀላል፤ አንድ ሻጭ አምስት የውሸት ስም ከፍቶ በራሱ በግ ላይ ሊጫረት ይችላል። ስለዚህ የተጫራቹን ማንነት ማረጋገጥ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሐላልና የሐራም ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 ብሩናይ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ከተጫራቾች መያዣ መጠየቅን ፈቅዷል። መያዣው ላላሸነፉት ይመለሳል፤ ላሸነፈው ከዋጋው ይታሰብለታል። ከዚህ በተቃራኒ ለእያንዳንዷ ጭማሪ የማይመለስ ገንዘብ የሚያስከፍሉ የኢንተርኔት “ጨረታዎች” አሉ። ብዙዎች ከፍለው አንዱ ብቻ የሚወስድበት ይህ አሠራር ወደ ቁማር የሚያደላ ስለሆነ ስሙ ጨረታ መሆኑ አያታልለን።

በመካነ ሰላም የሚገኙ ወጣቶች የበግ ጨረታ ለመክፈት ቢያስቡ የመጀመሪያው ሥራቸው ፎቶ ማሳመር ሊሆን አይገባም። ዑድሒያ የሚገዛ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ግልጽ ነው፦ በጉ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ፍየል ከሆነ አንድ ዓመት መሙላቱን፤ ግልጽ የዓይን መታወር፣ ሕመም፣ ማንከስና ከልክ ያለፈ ክሳት የሌለበት መሆኑን። ፎቶ ማንከስን አያሳይም፤ ሲራመድ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ያሳያል። ጥርሱ ተገልጦ ይታይ፣ በሚዛን ይመዘን፣ ጉድለት ካለበት ይጻፍ። የታወቀን ነውር መደበቅ የተከለከለ መሆኑን ነጋዴው ያውቃል፤ ቪዲዮው ደግሞ ለክርክር ማስረጃ ሆኖ ይቀመጣል።

በጉ በአይሱዙ ተጭኖ ደሴ ሳይደርስ ቢሞትስ? የሕግ ሊቃውንት ገዢው ከመረከቡ በፊት ስለሚደርስ ጉዳት የተለያየ አቋም ስላላቸው፣ ኪሳራው የማን እንደሆነ ከጨረታው በፊት መጻፍ አለበት። ርክክቡ መካነ ሰላም ላይ ነው ወይስ ደሴ? ይህን በግልጽ ያላስቀመጠ ጨረታ በመጀመሪያው አደጋ ስሙን ያጣል።

የኔትወርኩ ነገርም አለ። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በተራራማው ቦረና ደግሞ በደህናው ቀንም ቢሆን ኔትወርክ ይጠፋል። በተወሰነች ደቂቃ በድንገት የሚዘጋ ጨረታ ኔትወርክ የተቋረጠበትን ተጫራች ይጎዳል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ጭማሪ ከመጣ ሰዓቱ እንዲራዘም ማድረግ፣ ዋጋም በአጭር መልእክት እንዲሰጥ መፍቀድ ይቻላል። ቴሌብርም ያለ ኢንተርኔት በአጭር ቁጥር ስለሚሠራ ክፍያው በዚያ መንገድ ሊፈጸም ይችላል።