አርሲ ስንዴ ያብቅል ወይስ ነዳጅ?

የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መነሻው ሩቅ ነበር። በዚያው ዓመት መግቢያ በተቀሰቀሰው የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ገደማ ወጣ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትም የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ገደማ ጨመረ። መምህራኑም በዚያው ቀን የራሳቸውን ጥያቄ አንስተው አደሙ። ከአምስት ቀን በኋላ ጃንሆይ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ አደረጉ፤ ነገር ግን ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዙፋኑ ራሱ አልነበረም።

ዙፋኑን የጣለው ቤንዚን ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ረሃቡ፣ የመሬቱ ጥያቄ፣ የወታደሩ ቅሬታ ሁሉም ነበሩ። ግን ከዚያ ወዲህ አራት ኪሎ የገባ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፦ ነዳጅ የሌላት አገር፣ ዋጋውን ሌላ ሰው በሚወስነው ዕቃ ላይ ቆማለች። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያሳውቅ ዓለም ተገረመ። በዓለም የመጀመሪያው እንዲህ ያለ እርምጃ ነበር። የእኛን ታሪክ ለሚያውቅ ግን ውሳኔው የ50 ዓመት ሥጋት ውጤት ነው።

ጥያቄው «ይሠራል ወይ?» ነው። ላለፉት 20 ዓመታት ሁለት መልስ ቀርቦልናል። አንደኛው «ነዳጁን እናብቅለው» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ነዳጁን ትተን በመብራት እንሂድ» የሚል። ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከአሰላና ከአርሲ ደጋ ሆነን እንመልከታቸው። ምክንያቱም አርሲ የስንዴ አገር ነው፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለው፣ በዙሪያው ግድቦች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «አዲስ ማሽን መጣላችሁ» ሲባል ምን እንደሚከተል አንድ ጊዜ አይቷል።

▪️ ትራክተሩ ሲመጣ

በ1960 ዓ.ም. መባቻ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮጀክት፣ ሕዝቡ «ካዱ» ብሎ የሚያውቀው፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ዓላማው በጎ ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የገበያ ትስስር ለአነስተኛ ገበሬ ማድረስ። የቁሉምሳ የስንዴ ምርምርም ጎን ለጎን ነበር። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ።

ነገር ግን ስንዴ ትርፍ ማስገኘቱን ያየው ባለርስት ሌላ ሒሳብ ሠራ። የእርሻ ማሽን ያለ ቀረጥ ይገባል፣ ናፍጣ ርካሽ ነው። ታዲያ ጭሰኛው ምን ያደርጋል? ሺዎች ጭሰኞች ለትውልድ ካረሱት መሬት ተነሱ። ሔኖክ ክፍሌ በወቅቱ ለካዱ ያካሄደው ጥናት ይህንኑ መፈናቀል መዝግቧል። ፕሮጀክቱ ለድሃው ገበሬ ታስቦ መጣ፣ ትራክተሩ ግን ድሃውን ገበሬ አስወጣው። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን እስኪሽር ድረስ የተቀመጠ መፍትሔ አልነበረም።

ይህን የማነሳው ትራክተር ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ዛሬ ያለ ኮምባይነር የአርሲን ስንዴ በወቅቱ መሰብሰብ አይታሰብም። የማነሳው፣ «ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ለማን?» ከሚለው ተነጥሎ ሲጠየቅ የሚመጣውን መዘዝ ስላየን ነው።

▪️ ጉሎ፣ ጃትሮፋና ሞላሰስ

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. ዋዜማ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲንር መንግሥት የባዮፊውል ልማት ስትራቴጂ አወጣ። በሰነዱ መሠረት ለባዮዲዝል ተክሎች የሚስማማ 23 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ነበረ፤ አብዛኛውም በኦሮሚያ። ይህ ቁጥር የውጭ ኩባንያዎችን ጠራ።

ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለው ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ እርሻ ሺዎች ሄክታር ተሰጠው። ከተመነጠረው መሬት ከፊሉ በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ ሆኖ ተገኘና ውዝግብ ተነሳ። በወላይታ ደግሞ ገበሬዎች ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ገብተው በጓሯቸውና በማሳቸው ጉሎ ዘሩ። በ2000 ዓ.ም. ድርቅና የምግብ እጥረት ደቡቡን ሲመታ፣ የማይበላ ፍሬ ይዞ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ለወላይታ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ኩባንያዎቹ አንድ በአንድ ከስመው ቀሩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ።

ስህተቱ የት ነበር? «ጠፍ መሬት» በሚለው ቃል ውስጥ። ካርታ ላይ ጠፍ የሚመስለው መሬት የአንዱ ግጦሽ፣ የሌላው ማገዶ፣ የዝሆኑም መተላለፊያ ነው። ጃትሮፋም በደረቅ መሬት ላይ አይሞትም እንጂ ያለ በቂ ውኃና ማዳበሪያ የሚያዋጣ ፍሬ አይሰጥም። ውኃና ማዳበሪያ ካገኘ ደግሞ ያው ከስንዴና ከበቆሎ ጋር ይሻማል።

ከባዮፊውል የተሻለው ሙከራ ኢታኖሉ ነበር። ከጥቅምት 2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ይደባለቅ ጀመር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ኢታኖሉ የሚወጣው ከሞላሰስ፣ ማለትም ስኳር ከተመረተ በኋላ ከሚቀረው ዝቃጭ ነው። መጀመሪያ ከፊንጫ፣ ኋላ ከመተሐራ። አዲስ መሬት አይጠይቅም፣ ከማንም አፍ አይነጥቅም። (የመተሐራ ሸንኮራ ራሱ በከረዩ የግጦሽ መሬት ላይ መተከሉን ግን አንርሳ።) ድክመቱ መጠኑ ነው። ሞላሰስ የስኳር ተከታይ ነው፤ ፋብሪካው ስኳር ካላመረተ ሞላሰስ የለም። ስኳር ከውጭ የምታስገባ አገር በኢታኖል መኪኖቿን ልታሽከረክር አትችልም። ድብልቁም በአቅርቦት እጥረት ተቆራርጧል። በዚያ ላይ ኢታኖል የሚደባለቀው ከቤንዚን ጋር ነው፤ የአገሪቱን የነዳጅ ወጪ በብዛት የሚይዘው ደግሞ ናፍጣ ነው።

▪️ ሒሳቡን በአርሲ ማሳ ላይ

«ለምን ከስንዴው አናወጣም?» የሚል ካለ አብረን እናስላ። ግምቱ ሻካራ ነው፣ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

አንድ ሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ሰጠ እንበል። ከአንድ ኩንታል ስንዴ 37 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይወጣል፤ በጠቅላላው 1,100 ሊትር። የኢታኖል ጉልበት ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ፣ ይህ ከ740 ሊትር ቤንዚን ጋር ይመጣጠናል። ከአሰላ አዳማ የሚመላለስ ሚኒባስ በቀን 200 ኪሎ ሜትር ቢሄድና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢበላ፣ በቀን 24 ሊትር ነው። የአንድ ሄክታር ስንዴ አንዱን ሚኒባስ ለአንድ ወር ያስኬዳል። ለዓመት አሥር ሄክታር፣ ማለትም የአሥር ገበሬ ቤተሰብ ማሳ ይጠይቃል። ያ 30 ኩንታል ግን ለአንድ ሰው በዓመት ሁለት ኩንታል እህል ብንይዝ 15 ሰው ያኖራል። የአንድ ወር የሚኒባስ ጉዞ የ15 ሰው የዓመት ቀለብ ነው። ስንዴውን ለማረስና ለማጨድ የተቃጠለው ናፍጣ ገና አልተቆጠረም።

አሁን ያንኑ ሚኒባስ በባትሪ እናስኪደው። በ100 ኪሎ ሜትር 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ በቀን 60 ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 18,000 ኪሎ ዋት ሰዓት። በኢተያ አቅራቢያ በዴንማርክ ድጋፍ የተተከለው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 29 ተርባይኖች ያሉት ሲሆን አቅሙ 100 ሜጋ ዋት ነው። አንዱ ተርባይን በአማካይ የአቅሙን ሲሶ ቢያመነጭ፣ በዓመት 10 ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በመስመርና በቻርጅ የሚባክነውን ሩብ ብንቀንስ እንኳ አንድ ተርባይን 400 ገደማ ሚኒባሶችን ዓመቱን ሙሉ ያስኬዳል። ከሥሩ ደግሞ ስንዴ ይታረሳል።

ኪሱንም እንይ። ቤንዚን በ2014 ክረምት በሊትር 48 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ከ101 ብር አለፈ። በዚህ ዋጋ 24 ሊትር 2,400 ብር ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 10 ብር ነው ብንል እንኳ 60ው 600 ብር ነው። ከፍታውም ቢሆን የሚባለውን ያህል ችግር አይደለም። ከአዳማ አሰላ 700 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው፤ ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ለዚያ ዳገት 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጨምራል። ሲወርድ ግን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ቤንዚን ቁልቁለት ላይ ወደ ጋኑ ሲመለስ ያየ የለም።

▪️ ታዲያ ምን ይቀራል?

እስከዚህ ድረስ መብራቱ አሸንፏል። ግን ሒሳብ ማሸነፍ አንድ ነገር ነው፣ መናኸሪያ ላይ ማሸነፍ ሌላ።

አንደኛ፣ መብራት። በአርሲ ደጃፍ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዋቤ ሸበሌ ላይ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው መልካ ዋከና በ1980 ገደማ ተከተለ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሆኖም ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው አሁንም መብራት የለውም፤ ያለውም በየጊዜው ይጠፋበታል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። የሚጎድለን የማመንጨት አቅም ብቻ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶውና መስመሩ ነው።

ሁለተኛ፣ መለዋወጫና ባለሙያ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ሲጀምር በኤሌክትሪክ ነበር፤ የነዳጅ ችግር የለበትም። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹን ያቆማቸው ግን የመለዋወጫ እጦት ነው። ነዳጅ ከጅቡቲ ማምጣት ትተን የባትሪ ክፍል ከቻይና መጠበቅ ከጀመርን፣ ጥገኝነቱ አድራሻ ቀየረ እንጂ አልቀረም። አሰላ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና የሚፈታና የሚገጥም መካኒክ ከሌለ፣ መኪናው አንድ ቀን ከቆመ ቆመ ነው።

ሦስተኛውና ለአርሲ ዋናው፣ ናፍጣ። አንድ ትልቅ ትራክተር በቀን 150 ሊትር ናፍጣ ሊያቃጥል ይችላል። ያንን ሥራ በባትሪ ለመሥራት 450 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ የሰባት አውቶሞቢል ባትሪ ነው፣ ክብደቱም ወደ ሦስት ቶን። ኮምባይነር ደግሞ በመኸር ቀንና ሌሊት እየተዘዋወረ የሚሠራ ማሽን ነው፤ ማሳ ዳር ቻርጅ ማድረጊያ የለም። ስንዴው ደርሶ ዝናብ ሲያሰጋ ናፍጣ ከጠፋ፣ ገበሬው በጀሪካን ከጥቁር ገበያ ገዝቶ ለኮምባይነሩ ባለቤት ያቀርባል። ያ ዋጋ ኋላ በዳቦ ላይ ይመጣል።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው። መሬት ወስዶ ነዳጅ ማብቀል ለዚህ አገር አይሆንም፤ ተሞክሮ ታይቷል። ከሞላሰስ የሚገኘው ኢታኖል ይቀጥል፣ ግን ከድጋፍነት አያልፍም። የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራል፤ ቅድሚያው ግን ከቦሌ አውቶሞቢል ይልቅ ለባጃጁ፣ ለሚኒባሱና ለከተማ አውቶቡሱ ይሁን። በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሄደውና ብዙ ሰው የሚጭነው እርሱ ነው። ባለ አንድ ሚኒባሱ ሰው የባትሪ መኪና መግዣ ብድር ያግኝ። ቻርጅ ማድረጊያ በመናኸሪያዎች ይተከል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጥገናውን ያስተምሩ። ማዳበሪያና ከባድ ጭነት እስከ አዳማ በኤሌክትሪክ ባቡሩ ይምጣ። በዚህ ሁሉ የሚተርፈው የውጭ ምንዛሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚውለው ምትክ ላልተገኘለት የገበሬው ናፍጣ ይሁን።

የ1960ዎቹ ትራክተር ሠርቷል፤ ሞተሩ አልከዳም፤ ምርት ጨምሯል። ጭሰኛው ግን ዳር ቆሞ ተመለከተ። ዛሬም ባትሪው እንደሚሠራ አልጠራጠርም። ባለጸጋው በመብራት እየሄደ፣ ገበሬው ናፍጣ ፍለጋ ማደያ በር ላይ የሚያድርበት አገር ከሆነ ግን ነዳጁን ተካን እንጂ ታሪኩን አልቀየርንም።

ቸር እንሰንብት።