የሄደር ፋይሎች ድርሻ፦ በኮምፓይለርና በላይብረሪ መካከል

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የሲን ቋንቋ ባቆመ ጊዜ፣ ኮምፓይለሩም ላይብረሪውም ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወናም ከአንድ ማኅበረ ሊቃውንት የወጡ ነበሩና፣ የፈንክሽኖችን ስምና የቍጥሮችን ወሰን ለፕሮግራም ጸሓፊው የሚያስታውቁት ሄደር ፋይሎች የማን ድርሻ እንደ ሆኑ መጠየቅ አላስፈለገም። ቋንቋው ወደ ልዩ ልዩ ማሽኖች ተዛምቶ ኮምፓይለሩ ከአንዱ፣ ላይብረሪው ከሌላው መምጣት ከጀመረ በኋላ ግን ጉዳዩ ፍርድ የሚሻ ሆነ።

በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ተቋም ሥር በ1983 የተሰየመው ጉባኤ የደከመበት የሲ ቋንቋ ድንጋጌ በ1989 ሲጸድቅ 15 ሄደሮችን ዘረዘረ፤ ኮምፓይለርንና ላይብረሪን እንደ አንድ አካል ቈጥሮ ስለ ተናገረ ግን ድርሻቸውን አላካፈለም። ሆኖም ያለ ሥርዓተ ክወና በባዶ ማሽን ላይ ለሚሠራ ፕሮግራም ፍሎት፣ ሊሚትስ፣ ስታድአርግና ስታድዴፍ የተባሉት 4ቱ ብቻ ግዴታ እንዲሆኑ መወሰኑ፣ ኮምፓይለሩ ብቻውን ሊያቀርባቸው የሚችሉትን ስለ ለየ፣ የፍርዱን መንገድ ጠረገ። ቍጥራቸው አስቀድሞ ያልተወሰነ ዋጋዎችን የሚቀበል ፈንክሽን እነዚያን ዋጋዎች ከየትኛው ሬጅስተርና ከየትኛው የማስታወሻ ስፍራ እንደሚያነሣ የሚያውቀው፣ ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ የመለሰው ኮምፓይለር ነውና፣ ስታድአርግ የእርሱ ነው፤ ፋይል የሚከፍተው ፈንክሽን ግን የላይብረሪው ሥራ ስለ ሆነ ሄደሩም የላይብረሪው ነው።

ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 ያወጣው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ይህን ክፍፍል በግብር አጸናው። በልዩ ልዩ ዩኒክሶች ላይ ሲተከልም ጕድለት ያለበትን ሄደር ቢያገኝ፣ የባለቤቱን ፋይል ሳይነካ ቅጂውን አርሞ በራሱ ማኅደር ያኖራል። አስቸጋሪው ሊሚትስ ነው፤ የኢንቲጀርን ዳርቻ ኮምፓይለሩ፣ የፋይል ዱካን ርዝመት ግን ሥርዓተ ክወናው ስለሚወስን፣ የጂሲሲ ሄደር የራሱን ተናግሮ የቀረውን እንዲሞላ የላይብረሪውን ሄደር ይጠራል። መስል የተባለው ላይብረሪ በበኩሉ መደበኛ ሄደሮቹን ሁሉ ራሱ ያቀርባል፤ ነገር ግን እርሱ እንኳ ለስታድአርግ በኮምፓይለሩ ውስጥ አብረው የተሠሩ ቃላትን ይዋሳል።

እንግዲህ ሄደር የሚገባው ነገሩን በእውነት ለሚያውቀው ነው፤ ዕውቀቱ የሁለት በሆነበትም ሁለቱ ተስማምተው ሊጽፉት ግድ ነው። ሄደሩ ስለ አንድ ዓይነት መጠን ከላይብረሪው የተለየ ቃል ቢናገር፣ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ተግሣጽ አልፎ በሥራ ላይ ሳለ መረጃን ሊያጠፋ ይችላልና፣ የድርሻው ክርክር የፕሮግራሞችን ደኅንነት የሚነካ ታላቅ ጉዳይ ነው።