የእንግዴ ልጅ አወጣጥ፦ በመጠበቅና በመሳብ መካከል የኖረው ክርክር

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ የእንግዴ ልጅ እስኪወጣ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም ለእናቲቱ እጅግ የሚያሰጋ ነው። ማኅፀን ሲኰማተር የእንግዴ ልጁ የተጣበቀበት ስፍራ ይጠብና እርሱ ይላቀቃል፤ ጡንቻዎቹም ክፍት የቀሩትን የደም ሥሮች አጥብቀው ይዘጋሉ። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሰው እጅ ይፈጸማል። በአውሮጳ የአዋላጅነት ታሪክ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረው፥ የሰው እጅ መግባት የሚገባው መቼ ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

በጥንታዊት ግሪክ በአቡቅራጥ ስም ከተሰበሰቡት የሕክምና መጻሕፍት አንዱ፥ እትብቱ ሳይቈረጥ ሕፃኑ ውሃ በተሞሉ አቁማዳዎች ላይ እንዲቀመጥ ያዝዛል። አቁማዳዎቹ ተበስተው ውሃው ቀስ በቀስ ሲፈስ፥ የሕፃኑ ክብደት የእንግዴ ልጁን በዝግታ ይስበዋል። ዘዴው መሳብ ቢሆንም ድንገተኛውን ጉተታ የሚፈራ ነበር።

በኋላ ዘመን ግን ብዙዎች እትብቱን መጐተትንና እጅን ወደ ማኅፀን መስደድን ልማድ አደረጉት። በ1668 (እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) የአምስተርዳም አዋላጆች አስተማሪ ሆኖ የተሾመው ፍሬደሪክ ሮይስ ይህን ልማድ ተቃወመ። በ1720ዎቹ ዓመታትም በማኅፀን አናት ላይ የእንግዴ ልጅን የሚያስወጣ ልዩ ጡንቻ አገኘሁ አለ። የተለየ ጡንቻ እንደሌለ ኋላ ታወቀ፤ ማኅፀን በራሱ ኀይል ያስወጣል የሚለው ምክሩ ግን ጸና።

በ19ኛው መቶ ዓመት ጀርመናዊው ካርል ክሬዴ ማኅፀንን በሆድ ላይ ጨምቆ ማስወጣትን አስተማረ፤ የማርቡርጉ ፍሪድሪክ አልፌልድ ደግሞ መጠበቅ ይሻላል ሲል ተከራከረው። በ1935 በእህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ኤርጎሜትሪን የተባለው መድኃኒት ተለይቶ ሲወጣ፥ ማኅፀንን የሚያኰማትር አስተማማኝ ረዳት ተገኘ።

በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ተደርጎ በ1988 የታተመው ጥናት 1,695 እናቶችን በሁለት ከፍሎ አነጻጸረ። መድኃኒት ተሰጥቶ እትብቱ በዘዴ ከተሳበላቸው 5.9 በመቶ፥ ተፈጥሮ ከተጠበቀላቸው 17.9 በመቶ የሚሆኑት ብዙ ደም ፈሰሳቸው። ስለዚህ መጠበቅ ብቻውን ይበቃል የሚለው ትምህርት ተዳከመ።

ይሁን እንጂ የሮይስ ሥጋት ከንቱ አልሆነም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው ምክር መድኃኒቱ ለወላዶች ሁሉ እንዲሰጥ ሲያዝዝ፥ የሠለጠነ አዋላጅ በሌለበት ግን እትብት መሳብን አልፈቀደም። ክርክሩ የተቋጨው ከሁለቱ አንዱ ሌላውን በመርታቱ ሳይሆን፥ ማኅፀንን መርዳትና ማኅፀንን ማስገደድ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው በመታወቁ ነው።