የአቶም ጨዋታና የተመልካች ዕይታ፦ ከፋይንማን ሞተር እስከ አቶም ፊልም



ናኖቴክኖሎጂ ገና ስም ሳይወጣለት ለሕዝብ የቀረበው በጨዋታ መልክ ነበር። ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1959 መገባደጃ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ንግግር ማብቂያ ላይ፣ ጎኑ ከ0.4 ሚሊሜትር የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ለሠራ ሰው 1,000 ዶላር እንደሚሸልም ቃል ገባ። ተስፋው አዲስ የአሠራር ዘዴ እንዲፈለሰፍ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ዊልያም ማክሌላን የተባለ መሐንዲስ ሞተሩን ይዞ መጣ፤ የሠራው ግን በማይክሮስኮፕ፣ በሰዓት ሠሪ መሣሪያና በተሾለ ስቴኪኒ ነበር። ፋይንማን ቅር ቢሰኝም ገንዘቡን ከፈለ። እኔ በበኩሌ ይህን ሞተር የምወደው ስለዚሁ ስቴኪኒ ነው፤ ተመልካቹ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም መረዳት ይችላል።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣው ጨዋታ ግን መንገዱን ሰወረው። እ.ኤ.አ. በ1989 የአይ.ቢ.ኤም. ተመራማሪ ዶን አይግለር 35 የዜኖን አቶሞችን በኒኬል ገጽ ላይ እያንቀሳቀሰ የድርጅቱን ስም ጻፈ። ሥዕሉ በዓለም ተሰራጨ፤ ብዙ ሰውም ፎቶግራፍ ነው ብሎ ተቀበለው። ይሁንና አቶም ከሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት እጅግ ያነሰ በመሆኑ ቅርጹ በብርሃን ፎቶግራፍ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። መሣሪያው የሚያደርገው እጅግ የሾለ መርፌ ወደ ገጹ ማስጠጋት ነው። መርፌው ገጹን ሳይነካ ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ይሻገራሉ፤ ርቀቱ በኢምንት ሲለወጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ በብዙ እጥፍ ይለዋወጣል። ሥዕሉ የተገኘው ከዚህ ልኬት ነው፤ በጨለማ ቤት ዕቃን በእጅ እየዳሰሱ ቅርጹን እንደ መለየት ያለ ነው። ቀለሙማ በኮምፒውተር የተቀባ ነው! ይህ ሳይነገረው የተደነቀ ሰው፣ በኋላ እውነቱን ሲሰማ «ተታለልሁ» ቢል ልንፈርድበት አንችልም። በየፋኩልቲው የሳይንስ ቀን ስናዘጋጅ የምናተርፈውም የምናጎድለውም ይህንኑ አመኔታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የዚሁ ድርጅት ተመራማሪዎች አንድ ልጅ ከአቶም ጋር ሲጫወት የሚያሳይ፣ በ242 ምስሎች የተቀነባበረ አጭር ፊልም አቀረቡ። ልጁ የተሠራው 268 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ከዜሮ በታች በቀዘቀዘ የመዳብ ገጽ ላይ በተደረደሩ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውሎች ነው። አንድም ድርጅትን ማስተዋወቂያ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም በሞለኪውሎቹ ዙሪያ፣ ድንጋይ ሲወረወርበት በኩሬ ላይ እንደሚታየው ያለ ቀለበታማ ሞገድ ይታያል። ይህን ሞገድ ማንም ሠዓሊ አልጨመረውም፤ የመዳቡ ገጽ ኤሌክትሮኖች የፈጠሩት ነው። ለተማሪዎቼ ፊልሙን ሳሳይ የማቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ልጁን ትቼ ሞገዱ ከየት እንደ መጣ እጠይቃቸዋለሁ።