ስድስተኛው ክር፤ ስለ ቤዝ ጊታር ኦክታቭ ፔዳል አመራረጥ ታሪካዊ አስተያየት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ሲዘልቅ ከሚሴ ይደርሳል። ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። መንገደኛው ጉዞውን ቀጥሎ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ቢታጠፍ፣ የዚሁ ዞን ክፍል የሆነችውን ባቲን ያገኛል። ባቲ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በሚገናኙበት የሰኞ ገበያዋ የታወቀች ናት። ለእኛ ለሙዚቃ ባለሙያዎች ግን ከገበያዋ ይልቅ በስሟ በሚጠራው ቅኝት ትታወቃለች። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ተብለው ከሚቆጠሩት ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶች አንዱ ይኸው የባቲ ቅኝት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚነሣው ጉዳይ ከገበያውም ከቅኝቱም የራቀ ይመስል ይሆናል። ይኸውም የቤዝ ጊታር ተጫዋች እግሩ ሥር የሚያኖረውን ኦክታቭ ፔዳል በምን መለኪያ ይምረጥ የሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው የሱቅና የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ቦታ ባላስፈለገው ነበር። ዳሩ ግን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች መካከል የቅኝታችንን ባሕርይ ሳይነካ ድምፃችንን ሊያጎለብት የሚችለው የትኛው እንደሆነ መለየት የሙያ ጥያቄ ነው፤ ታሪክም አለው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ ኦክታቭ ምን እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። አንድ ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር በእጥፍ ሲያድግ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወጣ፣ በግማሽ ሲቀንስ አንድ ኦክታቭ ወደ ታች ወረደ ይባላል። ጆሮም ሁለቱን እንደ አንድ ድምፅ ሁለት ቁመና አድርጎ ይቀበላቸዋል። ቃሉ ስምንተኛ ማለት ሲሆን፣ ስያሜው የመጣው ሰባት ድምፆች ካሉት ከምዕራባውያን ስልት ነው። አምስት ድምፆች ባሉት በእኛ ቅኝት ሲቆጠር ግን ያው ድምፅ ተመልሶ የሚገኘው በስድስተኛው ላይ ነው። ባለ ስድስት ክር ክራር የቃኘ ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ አምስቱ ክሮች አምስቱን የቅኝት ድምፆች ሲይዙ፣ ስድስተኛው ከአምስቱ የአንዱን ድምፅ በኦክታቭ ይደግማል። በወሎ መንዙማ ሽማግሌውና ታዳጊው አንዱን ዜማ አብረው ሲቀበሉም ድምፃቸው በአመዛኙ የሚለያየው በኦክታቭ ነው፤ ሆኖም ሁለት ዜማ ተዜመ የሚል ሰሚ የለም። ስለዚህ ፔዳሉ ከውጭ የመጣ ቢሆንም የሚሠራው ሥራ ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ዝቅተኛ ድምፅም ቢሆን ከቤዝ ጊታር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ዐሥር ጅማት ያለው በገና፣ በጅማቶቹና በብርኩማው መካከል በሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች እየታገዘ የሚሰጠው ወፍራምና የሚያንዛዛ ድምፅ ለዘመናት የኖረ ነው። ቆዳዎቹ ድምፁን ሲያወፍሩት ቅኝቱን እንደማይለውጡት ልብ ይሏል። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ወጣቶች፣ በተለምዶ አርባ ልጆች የሚባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የናስ መሣሪያ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ለዜማ መሠረት የሚሆነውን የታች ድምፅ የሚሰጡት ትላልቆቹ የናስ መሣሪያዎች ሆኑ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቴአትር ቤት ኦርኬስትራዎችም ይህንኑ ፈለግ አስፍተው ቀጠሉ።

በአሜሪካ የፌንደር ፋብሪካ በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን ቤዝ ጊታር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን የታች ድምፅ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ሆነ። በአገራችንም አምሃ እሸቴ በ1969 የግል ሸክላ አሳታሚነት ከጀመረ ወዲህ በወጡት ሥራዎች ውስጥ የቤዝ ጊታር ሚና እየጎላ ሄደ። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በሠራው «ኧረ መላ መላ» የጆቫኒ ሪኮ፣ በ1977 ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ ባወጡት «ቸ በለው» ደግሞ የመላኩ ገብሬ አጨዋወት ለተከታዩ ትውልድ ትምህርት ቤት ሆኖ ቆይቷል። በእነዚህ ሥራዎች ቤዙ የሚመላለሰው ከቅኝቱ ድምፆች ጋር ተቆራኝቶ ነው፤ ክብደቱ የሚመጣው ከአጨዋወቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ የቤዝ ተጫዋቹን ህልውና የሚመለከት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ካሴት ሸክላን ተክቶ፣ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ወደ ስቱዲዮ ገቡ። በዋሽንግተን የነበረው አድማስ ባንድ በ1984 ያወጣው «የኢትዮጵያ ልጆች» የተባለ አልበም የዘመኑን የድምፅ ለውጥ በግልጽ ያሳያል። እዚያ ላይ የሄኖክ ተመስገን ቤዝ ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በብዙ ሌሎች ቦታዎች ግን ጉዳዩ በመተባበር አላበቃም። አንድ ኪቦርድ ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ አጃቢውንም ጠቅልሎ ያዘ። ደጋሽም ከአምስት ሙዚቀኛ ይልቅ ለአንድ ሰው መክፈል ቀለለው። የኪቦርዱ ቤዝ ወፍራም፣ ክብና የማይናወጥ ስለሆነ የሰው ጆሮ እሱን ለመደ። ባለ አራት ክሩ ቤዝ ጊታርም በአጠገቡ ቀጭን መስሎ መሰማት ጀመረ።

ኦክታቭ ፔዳል ለቤዝ ተጫዋች ትርጉም ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። የፔዳሉ ታሪክ በጥቂቱ እንዲህ ነው። በ1967 ጂሚ ሄንድሪክስ የተጠቀመበት የሮጀር ሜየር ኦክታቪያ የጊታርን ድምፅ ወደ ላይ የሚያወጣ ነበር። በ1970ዎቹ እንደ ሚውትሮን ኦክታቭ ዲቫይደር ያሉ ድምፅን ወደ ታች የሚያወርዱ መሣሪያዎች ወጡ። በ1982 የጃፓኑ ቦስ ኩባንያ ኦሲ-2 የተባለውን አነስተኛ ፔዳል አቀረበ። አንድና ሁለት ኦክታቭ ወደ ታች የሚያወርዱ ሁለት ማዞሪያዎችና የመሣሪያውን የራሱን ድምፅ የሚመጥን ሦስተኛ ማዞሪያ ነበሩት። ዌልሳዊው ፒኖ ፓላዲኖ በ1983 ከፖል ያንግ ጋር በቀረጸው ሥራ ይህንን ፔዳል ፍሬት ከሌለው ቤዝ ጋር ካሰማ ወዲህ በቤዝ ተጫዋቾች ዘንድ ዝናው ገነነ። ኦሲ-2 እስከ 2003 ተሠርቶ በኦሲ-3 ተተካ፤ በ2020 ደግሞ ኦሲ-5 ወጣ። ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ በ2005 ያወጣው ፖግ ብዙ ድምፆችን በአንድ ጊዜ የሚቀበል የዲጂታል መሣሪያ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች በሁለት ጎራ ይከፈላሉ። አናሎጉ የክሩን ርግብግቢት ይከታተልና በየሁለት ዙሩ አንድ ዙር የሚያጠናቅቅ አዲስ ሞገድ ይፈጥራል። ሞገዱ የክሩ ቅጂ ሳይሆን ተጠርቦ የተሠራ ስለሆነ የሲንተሳይዘርን ድምፅ ይመስላል። ኪቦርዱ የወሰደውን ወፍራም ድምፅ ለሰው ጣት የሚመልሰውም ይኸው ባሕርዩ ነው። ሆኖም የሚከታተለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለት ክሮች አብረው ቢመቱ ይደናገራል። ዲጂታሉ በበኩሉ ብዙ ድምፆችን ይለያል፣ ሲከታተልም የተረጋጋ ነው፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ላይ ጥቂት መዘግየት ይሰማል፣ ድምፁም ከሲንተሳይዘርነት ይልቅ ወደ ኦርጋንነት ያደላል።

ከምርጫው በፊት ቁጥሮቹን ማየት ይጠቅማል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ የሚ ክር ባዶውን ሲመታ 41.2 ኸርዝ ነው፤ በግማሽ ሲወርድ 20.6 ኸርዝ ይሆናል። ይህ ደግሞ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ዝቅተኛ ወሰን፣ ማለትም ከ20 ኸርዝ ጫፍ ላይ ነው። የላ ክር ከ55 ወደ 27.5፣ የሬ ክር ከ73.4 ወደ 36.7፣ የሶል ክር ከ98 ወደ 49 ኸርዝ ይወርዳሉ። በከሚሴ ወይም በባቲ የሰርግ ድንኳን ውስጥ የሚቆም አነስተኛ ስፒከር ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን በቅጡ አያወጣም፤ ማጉያው ግን ለዚያ ለማይሰማ ድምፅ ጉልበቱን ይጨርሳል። ስለዚህ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ፔዳሉን መክፈት ድካም ብቻ ነው። የሚሻለው ወደ ላይ ወጥቶ መጫወት ነው። በሶል ክር አምስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ዶ 130.8 ኸርዝ ነው፤ ፔዳሉ ወደ 65.4 ሲያወርደው ስፒከሩም ያሰማዋል፣ ፔዳሉም አይስትም።

አሁን ወደ ቅኝቱ እንመለስ። ባቲን ከዶ ተነሥተን ብንቃኝ በአንደኛው ዓይነቱ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ እናገኛለን። በገበያ ላይ ከኦክታቭ ሌላ አምስተኛውን ወይም ሦስተኛውን ድምፅ አዳብለው የሚያሰሙ ፔዳሎች አሉ። በየድምፁ ላይ ቋሚ አምስተኛ ቢጨመር፣ ከሶል ላይ ሬ፣ ከሲ ላይ ፋ ሻርፕ ይወጣሉ፤ ሁለቱም በባቲ ውስጥ የሌሉ ናቸው። ቋሚ ትልቅ ሦስተኛ ቢጨመር ደግሞ ከሚ ላይ ሶል ሻርፕ፣ ከፋ ላይ ላ፣ ከሲ ላይ ሬ ሻርፕ ይመጣሉ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ባዕድ ሆኑ ማለት ነው። በአንቺ ሆዬ ላይማ ቋሚው አምስተኛ ብቻውን ሦስት እንግዳ ድምፆችን ያስገባል። ኦክታቭ ግን በየትኛውም ቅኝት አንድም እንግዳ ድምፅ አያስገባም። በቅኝት የሚጫወት ሰው ሳይሰጋ ሊጠቀምበት የሚችለው ይኸው ብቻ ነው፤ የምርጫችንም መነሻ እዚህ ላይ መሆን ይኖርበታል።

እንግዲህ የሙያ ባልደረቦች ሲመርጡ የሚከተሉትን ቢያስተውሉ መልካም ነው። አንደኛ፣ የመሣሪያው የራሱ ድምፅና የታች ኦክታቩ በየራሳቸው ማዞሪያ የሚመጠኑበትን ይምረጡ፤ የራሱ ድምፅ ሲጠፋ የጣት አገባብም አብሮ ይጠፋልና። ሁለተኛ፣ በሱቅ ውስጥ ሻጩ በሚያሰማው ዜማ አይፍረዱ፤ የባቲን ቅኝት ከላ ክር ሦስተኛ ፍሬት ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይውጡበት፣ ከዚያም በፍጥነት ይመለሱበት። ድምፁ የት ላይ እንደሚንቀጠቀጥና የት ላይ እንደሚይዝ በዚያ ይታወቃል። ሦስተኛ፣ የማሲንቆንና የድምፃዊን ቅላጼ የሚከተል፣ ጣት የሚያንሸራትትና ነካ ነካ የሚያደርግ ተጫዋች፣ አናሎግ ፔዳል በእነዚህ ላይ ሊወላገድ እንደሚችል ዐውቆ የኦክታቩን መጠን ዝቅ ያድርግ፤ ወይም ዲጂታሉን ይምረጥ። በአንጻሩ አንድን ሐረግ በጽኑ ምት እየደጋገመ ለሚጫወት አናሎጉ ይበልጥበታል። አራተኛ፣ ፔዳሉ ከሌሎች ኤፌክቶች ሁሉ ቀድሞ፣ ከጊታሩ ጎን ይቀመጥ፤ የጊታሩ ቶን ማዞሪያም ትንሽ ዝቅ ይበል። ንጹሕ ድምፅ ሲደርሰው አከታተሉ ይሠምራልና። አምስተኛ፣ አብዛኞቹ አናሎግ ፔዳሎች የሚወስዱት ኃይል ጥቂት ስለሆነ በባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ። መብራት በጄኔሬተር በሚመጣበት ድግስ ላይ ይህ ከመስመሩ ጩኸት የሚያድን ጥቅም አለው። ብዙዎቹ ዲጂታሎች ግን ከመስመር ኃይል ውጭ አይሠሩም።

ፔዳሉን መዝጋትም የምርጫው አካል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ድምፃዊው ብቻውን ዜማውን ሲያንቆረቁር፣ ክራር ወይም ማሲንቆ ሲመራ፣ ወፍራም የኤሌክትሪክ ድምፅ ከሥር ቢንደረደር የቅኝቱን ጥራት ይሸፍነዋል። ዝማሬው ሲደምቅ፣ ጭብጨባው ሲጠና፣ ታዳሚው ሲነሣ ግን ኦክታቩ ቢከፈት ቦታውን ያገኛል።

ኪቦርዱ የቤዝ ተጫዋቹን ቦታ የያዘው በርካሽነቱና በድምፁ ውፍረት ነው። ርካሽነቱን ልንፎካከረው አንችልም፤ ውፍረቱን ግን በአግባቡ በተመረጠ አንድ ፔዳል ልንደርስበት እንችላለን። ከዚያ በላይ ያለውን፣ ማለትም ድምፃዊው ሲያዘገይ አብሮ የሚያዘገየውን፣ ሲያነሣም አብሮ የሚያነሣውን ጣት ማሽኑ የለውም። የክራር ቀማሪ አባቶቻችን አምስቱን ድምፅ ከቃኙ በኋላ ስድስተኛውን ክር የጨመሩት አዲስ ድምፅ ፈልገው ሳይሆን ያለውን ድምፅ ሊያጸኑት ነው። ፔዳል የሚመርጥ የሙያ ባልደረባም ይህንኑ መለኪያ ቢይዝ አይሳሳትም።