አርባ ቀን የፈጀው ምርጫና የዌስትሚኒስተር ባለሱቆች

በ1784 የጸደይ ወራት (ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የለንደን አትክልት ተራ የነበረው ኮቨንት ጋርደን ከስድስት ሳምንት በላይ በጩኸት ከረመ። ከቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የእንጨት መድረክ ተሠርቶ ነበር። መራጩ ወደ መድረኩ ቀርቦ ማንን እንደሚመርጥ አፍ አውጥቶ ይናገራል፤ ጸሐፊው በመዝገብ ያሰፍራል፤ ከበታች የቆመው ሕዝብም እንደየወገኑ ያጨበጭባል ወይም ያፏጫል፣ አንዳንዴም ይደባደባል። ድምፅ መስጠቱ ኤፕሪል 1 ተጀምሮ ያበቃው ሜይ 17 ነው፤ እሑዶቹ ሲቀነሱ አርባ ቀን።

የዌስትሚኒስተር የምርጫ ክልል ከ1545 ጀምሮ ሁለት እንደራሴዎችን ወደ ምክር ቤት ይልክ ነበር። መራጭ ለመሆን ከመኳንንት መወለድ ወይም ርስት መያዝ አያስፈልግም፤ ቤት ይዞ የሰበካውን ግብር የሚከፍል ወንድ ሁሉ ድምፅ አለው። ስለዚህ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ መራጮቹ 12 ሺህ ገደማ ደርሰው ነበር። በዚያው ዘመን ነዋሪ ያልቀረበት ኦልድ ሳረም የሚባል ባዶ ጉብታም ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበርና፣ ልዩነቱን መገመት አያዳግትም።

የዌስትሚኒስተር ነገር ግን ጥልፍልፍ ያለ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ምክር ቤቱም የመኳንንቱም ቤቶች እዚያው ክልል ውስጥ ናቸው። ጫማ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻማ ሻጩ፣ ባለሉካንዳው የሚያድሩት በእነዚሁ ጌቶች ገንዘብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በዱቤ። ድምፅ በአደባባይ ሲሰጥ ደንበኛው ማን ምን እንዳለ ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ይህ ሕዝብ ቤተ መንግሥቱን እምቢ ማለት ይወድ ነበር።

በ1784 ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ እንዲወድቅላቸው የሚመኙት በምክር ቤት የተቃዋሚዎች መሪ የነበረውን ቻርልስ ጀምስ ፎክስን ነበር። ለሁለቱ መቀመጫዎች የተፎካከሩት ፎክስ፣ እንዲሁም በቤተ መንግሥቱ ወገን የቆሙት አድሚራል ሁድና ሰር ሲሲል ሬይ ናቸው። የዴቮንሺየሯ ዱቼስ ጆርጂያና ለፎክስ ድምፅ ለመለመን ከሱቅ ሱቅ ዞረች፤ ተቃዋሚዎቿም ድምፅ በመሳም ትገዛለች ብለው፣ ባለሉካንዳ አቅፋ የሚያሳይ የፌዝ ሥዕል አሳትመው በተኑ። ስሟን ለማጉደፍ የወጣው ሥዕል ከፎክስ ንግግሮች ይልቅ ሲታወስ መኖሩ ያስገርማል። በመጨረሻ ሁድ አንደኛ ወጣ፤ ፎክስ ሬይን ሁለት መቶ ከምናምን ድምፅ በልጦ ሁለተኛ ሆነ። የምርጫው ሹም ቶማስ ኮርቤት ግን ድምፁ አንድ በአንድ ይጣራ ብሎ ፎክስ ተመርጧል ለማለት አሻፈረኝ አለ። ፎክስ በስኮትላንድ ሰሜን ጫፍ ሌላ መቀመጫ አግኝቶ እየሠራ ቆየና ዌስትሚኒስተርን በእጁ ያስገባው በማርች 1785 ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ድምፅ መስጫውን ከ15 ቀን እንዳያልፍ ወሰነ።

እንዲህ ያለ ምርጫ ኪስ ያራቁታል። ሁለቱም ወገኖች በ1790 አንድ አንድ መቀመጫ ተካፍለው እንረፍ ተባባሉ። ፎክስ በ1806 ከሞተ በኋላ ግን ቦታው በትልልቆቹ ጌቶች እጅ ብዙ አልቆየም። በቻሪንግ ክሮስ የልብስ ስፌት ሱቅ የነበረው ፍራንሲስ ፕሌስ ከባለሱቅ ባልንጀሮቹ ጋር ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መጠጥ ሳይጋብዝ ጉቦ ሳይከፍል ምርጫ ያስኬድ ጀመር። የ1807ቱ እጩአቸው ፍራንሲስ በርዴት በዱኤል (ሁለት ሰዎች ለክብር በሚገጥሙት ፍልሚያ) ቆስሎ አልጋ ላይ ነበር፤ ተኝቶ አሸነፈ። ሁለተኛው ተመራጭ የባሕር ኃይሉ ሎርድ ኮክረን፣ በ1814 በአክሲዮን ማጭበርበር ተፈርዶበት ከምክር ቤት ሲባረር፣ የዌስትሚኒስተር መራጮች በዚያው ወር ያለተፎካካሪ መልሰው ላኩት።

የ1832ቱ የምርጫ ማሻሻያ ለሌላው አገር በር ሲከፍት እዚህ በር ዘጋ። የመምረጥ መብት በዓመት 10 ፓውንድ የሚያወጣ ቤት ለያዘ ተሰጠ፤ በቀድሞው መብት ይመርጡ የነበሩት በሕይወት እስካሉ ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። ምርጫ ሲነሣ ስለ መስፋፋቱ ብቻ ለሚተርኩ ይህ የማይመች ታሪክ ነው።

በ1865 ደግሞ ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ድምፅ አልለምንም፣ ገንዘብም አላወጣም ብሎ በዌስትሚኒስተር ለውድድር ቀረበ። ሠራተኛው ሕዝብ በአብዛኛው ውሸታም ነው ብለህ ጽፈሃል ወይ ተብሎ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ፣ አዎን ጽፌአለሁ አለ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ተመረጠም። በጁን 1866 ሴቶች እንዲመርጡ የሚጠይቀውን አቤቱታ ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ በቀጣዩ ዓመት ያነሣው ሐሳብ በ196 ለ73 ወደቀ። ለእኛ አንባቢ የሚቀርብ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1867 መገባደጃ አፄ ቴዎድሮስ ላይ ለሚዘምተው ጦር 2 ሚሊዮን ፓውንድ የፈቀደው ሚል እንደራሴ የነበረበት ያው ምክር ቤት ነው።

መቅደላ በኤፕሪል 1868 ወደቀች፤ ሚልም በዚያው ዓመት መጨረሻ መቀመጫውን አጣ። ያሸነፈው በባቡር ጣቢያዎች ጋዜጣና መጽሐፍ በመሸጥ የከበረው ደብልዩ ኤች ስሚዝ ነው፤ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በሚል ተሸንፎ ነበር፤ በዚህኛው ዙር ገንዘቡን አልቆጠበም። ድምፅ በምስጢር መስጠት በ1872 ሲታወጅ እንዲህ ያለው የአደባባይ መድረክ ሥራ ፈታ። በ1885 ክልሉ ተከፋፍሎ ዌስትሚኒስተር የሚለውን ስም የያዘው ቁራሽ አንድ እንደራሴ ብቻ ቀረለት። ያንን መቀመጫ እስከ 1918 የያዘው አሜሪካ የተወለደው ዊልያም በርዴት-ኩትስ ነው። የቤተሰብ ስሙን ያገኘው የዚያ ተኝቶ ያሸነፈው በርዴት ልጅ የሆነችውን ባለጠጋዋን አንጄላ በርዴት-ኩትስን በማግባቱ ነበር፤ በ1881 ሲጋቡ እሷ 66 ዓመቷ ነበር፤ እሱ በዕድሜ ከእሷ በብዙ ያንስ ነበር።